ጥላው ወዴት እንደሚያርፍ እናቴ ታውቅ ነበር

ወለቃ ሳለን ሰንበት የሚገባበትን ሰዓት ማንም ሊነግረን አያስፈልግም ነበር። ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ጥቂት ወጣ ብላ በምትገኘው በዚያች የቤተ እስራኤል መንደር፣ ዓርብ ሲመሽ አባቴ ወናፉን ያቆማል፤ እናቴ ሸክላዋን አስገብታ የምድጃውን እሳት ታጠፋለች። ያን ጊዜ ፀሐይ ከምዕራቡ ጋራ ጫፍ ደርሳለች። በበጋም በክረምትም ይህ ሥርዓት ብዙ አይዛነፍም። በኅዳር ፀሐይ በ12 ሰዓት ትጠልቃለች፤ በሰኔ ቆየት ብትል እስከ 1 ሰዓት ነው። በዓመት ውስጥ የሚያጋጥመን ልዩነት ይኸው አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነበር።

ዛሬ በምኖርባት በእስራኤሏ ቂርያት ጋት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በኅዳር መጨረሻ ፀሐይ የምትጠልቀው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። በሰኔ አጋማሽ ደግሞ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ድረስ አትጠልቅም። አንዱን ሰዓት የሚጨምረው መንግሥት በሞቃቱ ወራት ወደፊት የሚገፋው የሰዓት ቆጣሪ ነው፤ የቀረው ግን የሰው ሥራ አይደለም። በየሳምንቱ ዓርብ የሻባት መግቢያ ሰዓት በጋዜጣና በምኩራብ በር ላይ የሚለጠፈው ለዚህ ነው። እዚህ ሰው ሰማዩን አይቶ ብቻ ሰንበትን ለመቀበል ቢሞክር፣ ካንዱ ወቅት ወደ ሌላው ሲሸጋገር ግራ ይጋባል።

የዚህን ልዩነት ሥር በልጅነቴ ተምሬዋለሁ። መምህራችን በጥቁር ሰሌዳው ላይ ክብ ሥሎ፣ በመካከሉ ዘንበል ያለ መስመር አሳልፎ፣ መሬት በራሷ ዛቢያ ላይ ስትሽከረከር ቀንና ሌሊት እንደሚፈራረቁ፣ ፀሐይን ስትዞር ደግሞ ዓመት እንደሚሞላና ወቅቶች እንደሚለዋወጡ አስተማረን። በቃላችን ይዘነው እንደ መዝሙር አልነው። የዚያ የተጋደመ መስመር ትርጉም ግን ለእኔ የገባኝ ሀገር ከለወጥኩ በኋላ ነው፤ ያስተዋለችውም ፊደል ያልቆጠረችው እናቴ ናት።

እናቴ ሸክላ ሠሪ ነበረች። ጀበና፣ ምጣድ፣ እንስራ፣ ለጎብኚ የሚሸጡ የአንበሳና የሰው ምስሎች ከእጇ ይወጡ ነበር። ገና የተሠራ ሸክላ ወዲያው ፀሐይ ከመታው ይሰነጠቃል። ጭቃው ውኃውን ቀስ እያለ መጣል አለበት። ስለዚህ መጀመሪያ ጥላ ውስጥ ይሰነብታል፤ ሲጠና ፀሐይ ያያል፤ በመጨረሻ በኩበትና በእንጨት ይተኮሳል። ለሸክላ ሠሪ ሴት ጥላው ዛሬ የት እንዳለ፣ ከአንድ ወር በኋላ የት እንደሚሆን ማወቅ የእንጀራ ጉዳይ ነው።

ከመስከረም እስከ መጋቢት ጥላው የሚያርፈው በጎጇችን ሰሜን በኩል ነው። እናቴም እዚያው ትደረድር ነበር። ሚያዝያ ሲጋመስ ጥላ ከቀን ወደ ቀን እያጠረ ይሄድና አንድ ቀን ቀትር ላይ ምሰሶው እንኳ ጥላ ያጣል። ፀሐይ ልክ ከአናታችን በላይ ቆማለች። ከዚያ በኋላ ትሻገራለች፤ ግንቦትን፣ ሰኔንና ሐምሌን ሙሉ፣ ከማለዳ እስከ ማታ በሰሜን በኩል ትውላለች። እናቴ ይህን ጠብቃ ሸክላዋን ሁሉ ወደ ደቡቡ ግድግዳ ታዞረው ነበር። በነሐሴ አጋማሽ ፀሐይ ተመልሳ ወደ ደቡብ ስታልፍ ዳግመኛ ከአናት በላይ ትቆማለች፤ ይህን ግን የክረምት ደመና ስለሚሸፍነው የሚያየው የለም። እኛ ልጆች እንስራ እያቀበልን ስንረዳት ለምን እንደሚዞር አንጠይቅም ነበር። ሁልጊዜ እንዲያ ስለሆነ፣ በዓለም ሁሉ እንዲያ የሚሆን ይመስለን ነበር።

ግንቦት 16 ቀን 1983 ዓ.ም. ዓርብ ዋለ። በዘመቻ ሰሎሞን፣ በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14 ሺህ በላይ ወገን ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዝ እኛም ከመካከላቸው ነበርን። ሰንበት በአየር ላይ ሳለን ገባ። ቄሶቻችን ይጸልያሉ፤ እናቶች ልጆቻቸውን እንዳቀፉ ያለቅሳሉ። ስለ ኬክሮስ የሚያስብ አልነበረም። ሆኖም ያ አውሮፕላን 9 ዲግሪ ሰሜን ላይ ከምትገኘው አዲስ አበባ ተነሥቶ 32 ዲግሪ ላይ ሲያርፍ፣ ፀሐይ ከአናት በላይ ከምትቆምበት ምድር አውጥቶ ወደማትቆምበት ምድር አሻግሮናል።

በመርካዝ ክሊታ፣ ማለትም በአዲስ ገቢዎች መቀበያ ማዕከል፣ ከቆየን በኋላ ቂርያት ጋት ቤት አገኘን። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ በላኪሽ አካባቢ፣ በአብዛኛው ከሞሮኮ በመጡ አይሁድ የተቆረቆረች ናት። በዙሪያዋ የስንዴ ማሳ ተዘርግቷል፤ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ምድሩ እየደረቀ ወደ ኔጌቭ በረሃ ይገባል። እናቴ ከሕንፃችን ግርጌ ባለች ትንሽ ግቢ እንደገና ጭቃ መለወስ ጀመረች። ግንቦት ሲገባ እንደ ልማዷ ጀበናዎቿን ወደ ደቡቡ ግድግዳ ይዛ ሄደች። ቆማ ጥላውን አየችው። ምንም ሳትናገር መልሳ ወደ ሰሜን አዞረቻቸው። በሀገራችን ክረምት የሚባሉትን ወራት ሙሉ በየቀኑ ቀትር ላይ እየወጣች ስታይ ቆየችና አንድ ቀን ጠርታ፣ «ልጄ፣ እዚህ ፀሐይ ወደ ሰሜን አትሻገርም» አለችኝ። ሳይንስ የሚጀምረው ከእንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። እናቴ ያለ መጽሐፍና ያለ መሣሪያ፣ በዓይኗና በትዕግሥቷ፣ ከፀሐይ ወሰን ማዶ መሆናችንን ደርሳበታለች።

የመምህሬ የተጋደመ መስመር ያን ቀን ነፍስ ዘራ። የመሬት ዛቢያ በምሕዋሯ ላይ ቀጥ ብሎ አልቆመም፤ 23.4 ዲግሪ ያህል አዘንብሏል። መሬት ፀሐይን ስትዞር ይህ ዝንባሌ አቅጣጫውን አይለውጥም፤ ዓመቱን ሙሉ ወደ ሰሜን ኮከብ እንዳመለከተ ነው። ስለዚህ በሰኔ የሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ወደ ፀሐይ ያዘነብላል፤ በታኅሣሥ ይሸሻታል። ፀሐይ በቀትር ከአናት በላይ ልትቆም የምትችለው ከምድር ወገብ በስተሰሜንና በስተደቡብ እስከ 23.4 ዲግሪ ባለው ምድር ብቻ ነው። ጎንደር በ12.6 ዲግሪ ከወሰኑ ውስጥ ናት። ቂርያት ጋት በ31.6 ዲግሪ ከወሰኑ ውጭ ናት። በዓመቱ ረጅም ቀን እንኳ ፀሐይ በቀትር ከአናታችን 8 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ ጎድላ ታልፋለች። በታኅሣሥ ደግሞ ከአድማስ 35 ዲግሪ ብቻ ከፍ ብላ ትመለሳለች። በቂርያት ጋት ጣሪያዎች ላይ የተደረደሩት የዱድ፣ ማለትም የፀሐይ ውኃ ማሞቂያ፣ ሰሌዳዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ደቡብ ያዞሩት ለዚህ ነው። ባለሙያዎቹ በስሌት ያደረጉትን እናቴ በጀበና አረጋግጣዋለች።

የቀንና የሌሊቱም ርዝመት ከዚሁ ዝንባሌ ይመጣል። መሬት ሁለቱንም ከተሞች በአንድ ቀን አንድ ዙር ታዞራቸዋለች፤ ጎንደርን በሰዓት 1,630 ኪሎ ሜትር፣ ቂርያት ጋትን 1,420 ኪሎ ሜትር ገደማ እያስኬደች። ከዚያ ዙር ውስጥ በብርሃን በኩል የሚያልፈው ድርሻ ግን ይለያያል። ጎንደር ላይ ረጅሙ ቀን 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ፣ አጭሩ 11 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ነው። እዚህ ረጅሙ ከ14 ሰዓት ይበልጣል፤ አጭሩ 10 ሰዓት አካባቢ ነው። ወደ ሰሜን በተጓዝን ቁጥር ይህ ልዩነት እየሰፋ ይሄዳል።

ብዙ ሰው፣ የተማረውም ጭምር፣ ሙቀትና ብርድ የሚመጣው መሬት ለፀሐይ ስትቀርብና ስትርቅ ይመስለዋል። እውነቱ ተቃራኒው ነው። መሬት ለፀሐይ በጣም የምትቀርበው በታኅሣሥ መጨረሻ፣ 147 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ስትሆን ነው፤ በዚያን ጊዜ ቂርያት ጋት ላይ ብርድ ልብስ ደርበን እንተኛለን። በጣም የምትርቀው በሰኔ መጨረሻ፣ 152 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ያህል ሆና ነው፤ ያን ጊዜ አስፋልቱ ያቃጥላል። ወቅትን የሚወስነው ብርሃኑ የሚወርድበት ማዕዘንና የቀኑ ርዝመት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልቤን የነካው ግን የዝናቡ መገለባበጥ ነው። በሀገራችን ክረምት የሚገባው ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትመጣ ነው። ከምድር ወገብ ግራና ቀኝ የሚመላለሰው የዝናብ መቀነት ፀሐይን ተከትሎ ወደ ሰሜን ይወጣል፤ እርጥቡ ነፋስ በደጋችን ላይ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ይዘንባል። ሰኔ፣ ሐምሌና ነሐሴ ጭቃና ጉም፣ መስከረም አደይ አበባ ነው። እዚህ በእነዚያው ወራት ጠብታ የለም። ዝናቡ የሚመጣው ፀሐይ ዝቅ ስትል፣ በቀዝቃዛው ወቅት፣ ከሜዲትራኒያን ባሕር በሚነሣ ማዕበል ነው። የቂርያት ጋት ማሳ በጥር ይለመልማል፤ በግንቦት ስንዴው ታጭዶ ምድሩ ቢጫ ይሆናል። አባቴ የመጀመሪያውን ሐምሌ መስኮት ላይ ተቀምጦ ሰማዩን ሲያይ ትዝ ይለኛል። ሥራ አልነበረውም፤ ወናፍም መዶሻም አልነበረም። ከሁሉ በላይ የከበደው ግን ነጎድጓድ የሌለው ሐምሌ ነበር። ሰው ሀገሩን የሚያጣው በብዙ መንገድ ነው፤ አንዱ ወቅቶቹን ማጣት ነው።

እናቴም ከሀገሯ ሰዓት አልተለየችም። ከፀሐይ መውጫ ጀምራ 1፣ 2፣ 3 እያለች ትቆጥር ነበር። ዕብራይስጥ በምትማርበት ኡልፓን አንዲት አስተማሪ በሰው ሁሉ ፊት «ሰዓት አታውቂም» አለቻት። እናቴ ዝም አለች። ያ ዝምታ ዛሬም ያመኛል፤ ምክንያቱም ሰዓት ማወቅ ካልቀረ እናቴ የምታውቀው ሰዓት ከፀሐይ ጋር የተሳሰረ ነበር። በ12.6 ዲግሪ ላይ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ወደ 12 ሰዓት አካባቢ ስለምትወጣና ስለምትጠልቅ፣ ቀንን ከንጋት መቁጠር ሰዓቱን ከሰማዩ ጋር ያስማማል። ለዚያ ኬክሮስ የተገባ ቆጠራ ነው።

በኋላ ሳጣራ ደግሞ ይህ ቆጠራ ለእስራኤልም እንግዳ እንዳልሆነ አገኘሁ። በአይሁድ ሕግ የጸሎት ጊዜ የሚለካው ሻዖት ዝማኒዮት በሚባሉ ሰዓቶች ነው፤ የቀኑ ብርሃን ረዘመም አጠረም ለ12 ይከፈላል። ቂርያት ጋት ላይ እንዲህ ያለው አንድ ሰዓት ከፀሐይ መውጫ እስከ መጥለቂያ ተሰልቶ በሰኔ 71 ደቂቃ፣ በታኅሣሥ 50 ደቂቃ ያህል ይሆናል። ጎንደር ላይ በ64 እና በ57 መካከል ብቻ ነው የሚመላለሰው። ረቢዎቹም እናቴም ከፀሐይ መውጫ ይቆጥራሉ። ይህን ለእናቴ ስነግራት ፈገግ አለችና፣ «ታዲያ መጀመሪያውኑ ማን ሊቀይረው ኖሯል?» አለችኝ።

ቄሶቻችን ይዘው የመጡት መጽሐፍም ስለዚህ ነገር ይናገራል። መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የቆየው በግእዝ ብቻ ነው። በውስጡ ስለ ሰማይ ብርሃናት የሚናገረው ክፍል ፀሐይ በምሥራቅ ካሉ ስድስት በሮች እየወጣች፣ በምዕራብ ባሉ ስድስት በሮች እንደምትገባ፣ ከበር ወደ በር ስትዛወርም ቀንና ሌሊት እንደሚረዝሙና እንደሚያጥሩ ይተርካል። የዚያው ክፍል የአራማይክ ቁርጥራጮች በሙት ባሕር ዳር በኩምራን ዋሻዎች ተገኝተዋል፤ ከቂርያት ጋት በመኪና የግማሽ ቀን መንገድ እንኳ አይሆንም። በሮቹን ማንም ሊያያቸው ይችላል። ማለዳ ማለዳ ፀሐይ ከየትኛው ጋራ ወይም ከየትኛው ሕንፃ ጀርባ እንደምትወጣ ዓመቱን ሙሉ ያስተዋለ፣ ነጥቧ ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ስትመላለስ ያያል። የጥንቱ ጸሐፊ በበሮች የገለጸው የመሬትን ዝንባሌ ሥራ ነበር።

ዓመትን ከጨረቃ ጋር የማስታረቁ ድካምም የሁላችን ነው። አሥራ ሁለት የጨረቃ ወራት 354 ቀን ገደማ ስለሚሆኑ ከፀሐይ ዓመት በ11 ቀን ያንሳሉ። እንዲያው ቢተዉ ፋሲካ ከጸደይ ወጥቶ በየወቅቱ ይንከራተታል። ስለዚህ የዕብራውያኑ አቆጣጠር በ19 ዓመት ውስጥ ሰባት ጊዜ አንድ ወር ይጨምራል። በጎንደር ጎረቤቶቻችን የነበሩት የክርስቲያን ሊቃውንትም በባሕረ ሐሳብ አበቅቴና መጥቅዕ ሲያወጡ የሚቆጥሩት ያንኑ 19 ዓመት ነው። 19 የፀሐይ ዓመት ከ235 የጨረቃ ወር ጋር ሲተያይ የሚበላለጡት በሁለት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። በየራሳቸው ጸሎት ቤት የቆሙ ሰዎች ወደ አንዲት መሬትና ወደ አንዲት ጨረቃ ዙረት እያዩ አንድ ቁጥር ላይ ደረሱ። ከዮም ኪፑር 50 ቀን ቆጥረን ወደ ኢየሩሳሌም የምንወጣበት ስግድ፣ እ.ኤ.አ. በ2008 በእስራኤል ምክር ቤት በክኔሴት ሕግ ብሔራዊ በዓል የሆነው፣ በዚሁ ቆጠራ ላይ የተመሠረተ ነው። በሀገራችን ስግድ ዝናቡ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ ይውል ነበር፤ እዚህ የመጀመሪያው ዝናብ በሚጠበቅበት ወር ይውላል።

እናቴ ካረፈች በኋላ፣ ቂርያት ጋት የተወለደችው ልጄ ከትምህርት ቤት የመሬትን ዙረት ተምራ መጣች። የአያቷን የጥላ ታሪክ ነገርኳት። ጎንደር ከቀረው የአክስቴ ልጅ ጋር ተደዋውለን፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት በመጋቢት 11፣ ሁለቱም በየቦታቸው አንድ ሜትር ዘንግ ቀጥ አድርገው እንዲተክሉና በየሀገራቸው እውነተኛ ቀትር ጥላውን እንዲለኩ አደረግን። ጎንደር በኬንትሮስ 2.7 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ ስለሆነች ቀትሩ በ11 ደቂቃ ያህል ይቀድማል። የእሱ ጥላ ከ22 ሳንቲ ሜትር ትንሽ ይበልጥ ነበር፤ የልጄ 61 አለፍ ይላል። ከርዝመቱ ማዕዘኑን ስታሰላ 12.6 እና 31.6 ሆነ፤ ልዩነቱ 19 ዲግሪ ነው። ከሰሜን እስከ ደቡብ በሁለቱ ኬክሮሶች መካከል ያለው ርቀት 2,110 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 360ን ለ19 አካፍላ በ2,110 ስታባዛው 40 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል አገኘች፤ ይህም የመሬት ዙሪያ ነው። ከ2,200 ዓመት በፊት ኤራቶስቴንስ በግብፅ፣ በአስዋንና በእስክንድርያ መካከል የሠራው ስሌት በመሠረቱ ይኸው ነበር። ልጄ ደብተሯን ይዛ፣ «አባ፣ አያቴ ይህን ትችል ነበር ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። ቁጥሩን ባትጽፈውም መለኪያውን ይዛው ነበር አልኳት።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለናፍቆት ብቻ አይደለም። በቂርያት ጋት ሰፈሮች፣ በረሖቮትም በነታኒያም፣ ጎንደር ላይ ፀሐይ በየትኛው በዓል ከየትኛው ጋራ እንደምትወጣ፣ ጥላ በየትኛው ወር ወደየት እንደሚያርፍ፣ የመጀመሪያው ዝናብ ምን አስቀድሞ እንደሚመጣ የሚያውቁ አዛውንቶች ዛሬም አሉ። ዕድሜያቸው ገፍቷል። ልጆቻቸው የአውሮፕላኑን ጉዞና የመንገዱን ስቃይ ይጠይቋቸዋል፤ ይህም ተገቢ ነው። ስለ ሰማዩ ግን የሚጠይቃቸው ጥቂት ነው። የእነሱ እውቀት በአንድ ኬክሮስ ላይ በብዙ ትውልድ ዓይን የተሰበሰበ ምልከታ ነው። ጋራውን በስሙ፣ ወሩን በቀኑ፣ ጥላውን በአቅጣጫው እያስያዝን ልንጽፈው እንችላለን፤ ከሥነ ፈለክ ስሌት ጋር ስናስተያየውም ምን ያህል ልክ እንደነበሩ ይታያል። አንድ ሕፃን አያቱ የመሬትን ዝንባሌ በሸክላ ጥላ ታውቅ እንደነበር ቢረዳ፣ ፊዚክስን ከሌላ ሰው ቤት እንደ ተበደረው ነገር አያየውም። ከቤቱ የወጣ ስለሆነ ተመልሶ ይገባበታል።

ስለዚህ የምለምነው ይህን ነው፤ በሚመጣው ሰንበት አያቶቻችሁን ጠይቁ፣ የሚነግሯችሁንም ጻፉ።